የሚሊ አውራ ጣት

አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት በር አለን። የግራው የኔ ነው፤ የከባድ መኪና መለዋወጫ የምሸጥበት ሱቅ። የቀኙ የባሌ ነው፤ የብረት መቅረጫው ቶርኖ ቀኑን ሙሉ የሚያፏጭበት፣ ወለሉ በተጠማዘዘ የብረት ፍቅፋቂ የተሸፈነ ወርክሾፕ። ሾፌሮች መኪናቸውን አጥሩ ሥር አቁመው ሲገቡ መጀመሪያ ግቢው መሃል ላይ ይቆማሉ። ግራና ቀኝ ያያሉ። እኔ ከባንኮኒዬ ኋላ ሆኜ ፈገግ እላለሁ፤ እሱ ቀና እንኳን አይልም። ከዚያ አብዛኞቹ ወደ ቀኝ ይሄዳሉ። ሳየው ቆሽቴ ያርራል፤ በሆዴ ደግሞ ባሌ ነውና ደስ ይለኛል። ከዚህ ሰው ጋር ስኖር ሁለቱን ስሜት ለይቼ አላውቅም።

ዋናው ጠባችን በመሪ ዕቃ ላይ ነው። የከባድ መኪና የፊት ጎማ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረው የሕፃን ልጅ ክንድ በሚያህል ድፍን ብረት ላይ ነው፤ ፔርኖ ይባላል። ፔርኖውን ከላይና ከታች አቅፈው የሚይዙት የነሐስ ቀለበቶች ደግሞ ቡሽ ይባላሉ። ከሁለቱ አንዱ ሲበላ ጎማው መወላገድ፣ መሪውም በሾፌሩ እጅ ውስጥ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ያን ጊዜ ሰውየው ወይ ከኔ ይገዛል፣ ወይ እሱ ጋ ያሠራል።

እኔ ጋ ያለው ከነሳጥኑ ነው። ኦርጅናሉ ላዩ በእሳት ጠንክሮ መስታወት ሆኗል፣ ውስጡ ግን ስለሚለዝብ በድንገት አይሰበርም፤ ቡሹም ልኩ ተቆርጦ ስለሚመጣ መግጠም ብቻ ነው። ዋጋው አፍ ያስይዛል። ከሱ በታች ኮፒው አለ፤ ሳጥኑ ከዕቃው ያምራል፣ ዋጋው ግማሽ ነው፣ ዕድሜው ግን ከግማሽም ያንሳል። ባሌ ደግሞ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች ዘንድ የሞተ መኪና አክስል፣ ጎማ የሚያዞረውን ወፍራም ዘንግ፣ በኪሎ ይገዛል። አክስል ዕድሜውን ሙሉ ጭነት ሲያዞር የኖረ ብረት ስለሆነ የማይረባ ነገር አይደለም። እሱን ይቆርጣል፣ በቶርኖ ያለሰልሳል፣ ፍም እስኪመስል አግሎ የተቃጠለ ዘይት ውስጥ ይነክረዋል። ቡሹን ከአሮጌ የውሃ ፓምፕ ነሐስ ያወጣዋል። ለሾፌሩ ከኦርጅናሉ በጣም ርካሽ ይመጣለታል። እሱ የሚረሳው አንድ ነገር ነው፤ ሒሳቡ ውስጥ የራሱ ቀን ገብቶ አያውቅም። መብራቱን፣ የቶርኖውን ቢላ፣ ብረቱን ይደምርና የሁለት ቀን ላቡን ይዘለዋል። ስንት ዘመን ነገርኩት።

ሰዉ ወደሱ የሚሄደው ግን ለርካሽነቱ ብቻ አልነበረም። ለአውራ ጣቱ ነበር። ቡሹን ሰርስሮ ሲጨርስ ፔርኖውን ዘይት ቀብቶ ቀዳዳው አፍ ላይ ያቆመዋል፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ ብቻ ይጫነዋል። ብረቱ በራሱ ክብደት ሸርተት ብሎ ከወረደ ልቅ ነው፣ ቡሹ ይጣላል። መዶሻ ካስፈለገው ጠባብ ነው፣ ጥቂት ይፋቅለታል። በጣቱ ጫና ሳይቸኩል ሳይለግም ከገባ ልክ ነው። መለኪያ የለውም ማለት አይደለም፤ ካሊፐሩ ከኪሱ አይለይም። ነገር ግን የቀዳዳ ውስጥ ሲለካ መለኪያው ግድግዳውን ነካ አልነካ የሚለውን የሚናገረው ጣት ነው ይላል። ቶርኖውም ያረጀ ስለሆነ የመጨረሻዋን ስስ ፍቅፋቂ የሚያነሳት በእጁ ነው። ሾፌሮቹ ያንን ጣት ለማየት ይከቡታል። ከሚሊሜትር ቆርጠው ሚሊ ብለው ስም ያወጡለት እነሱ ናቸው። እኔም ቀስ በቀስ ስሙን ትቼ ሚሊ ማለት ጀመርኩ።

አፌ አያርፍም፤ እሱን አልክድም። ሰው ወርክሾፑ ውስጥ ባየሁ ቁጥር ከበሬ ላይ ሆኜ፣ ዛሬም የሞተ መኪና አጥንት ልታስገጥም ነው ወይ እላለሁ። ልቅ ነው፣ ጠማማ ነው፣ እስከ መንገዱ ጫፍም አያደርስህም እላለሁ። ሚሊም ዝም የሚል ሰው አልነበረም፤ የሚስቴን ፔርኖ ግድግዳ ላይ ኮት ብሰቅልበት ይጎብጣል ይላል። ሾፌሮቹ ጥርሳቸውን መክደን ያቅታቸዋል። አንዳንዱ ዕቃ ሳይቸግረው እኛን ለመስማት ብቻ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ ባለፈው ዓመት ገበያዬ ድንገት ሞቀ። ከኛ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ትንሽ ሱቅ ያለው አንድ ነጋዴ አለ፤ ከቅጥነቱ የተነሣ ሽቦ ነው የሚባለው። ድሮ ከኔ የሚወስደው አምፖልና የዘይት ማጣሪያ ነበር። አሁን ኦርጅናል ፔርኖ ከነቡሹ መውሰድ ጀመረ፤ ዛሬ አንድ፣ ከነገ ወዲያ ሁለት። እንዴት ደስ እንዳለኝ። ምሳ ላይ ሚሊን ቁጭ አድርጌ፣ አየህ ሰው ነቃ፣ እንግዲህ ቶርኖህን ሽጠህ ሱቄን ጥረግልኝ አልኩት። እንጀራውን እያኘከ፣ ጥሩ ነው አለ። በሚቀጥለውም ቀን ተመሳሳይ ነገር ተናገርኩ፤ በሚቀጥለውም። ጥሩ ነው ብቻ ሲለኝ ያሸነፍኩ መስሎኝ ጮቤ ረገጥኩ።

ሌሎች ነገሮችም ነበሩ፤ ዓይኔ እያየ ያላየኋቸው። የወርክሾፑ በር ላይ ሸራ ሰቀለ፤ አቧራ አስቸገረኝ አለ። ሾፌሮቹን አጠገቡ ማስቆም ተወ፤ መኪናችሁን ትታችሁ ሂዱ፣ ስጨርስ እጠራችኋለሁ ይላል። ትልቁን የብረት መብሻ ማሽን ሸጠው፤ ቦታ ያዘብኝ አለ። አንድ ቀን ደግሞ ከእሳት የወጣ ብረት በባዶ እጁ አንሥቶ የመዳፉ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። ስጮህበት፣ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ነው አለኝ። ቅባት ቀባሁለትና እያረጀህ ነው ብዬ ተሳለቅኩበት።

ነገሩ የተገለጠልኝ ከሽቦ ሚስት አፍ ነው። ሽቦ ያዘዘውን ዕቃ የሚወስድልኝ ሰው ጠፍቶ ራሴ ተሸክሜ ሄድኩ። ሽቦ ወጥቷል፣ ሱቁን የያዘችው ሚስቱ ናት። ሳጥኑን ተቀብላኝ ከባንኮኒው ሥር እያስገባች፣ ባለቤትሽ ትናንት ከፍሎበት ሄዷል፣ ሲመጣ እሰጠዋለሁ አለች። ቀጥላም በየዋህ ፊት ጠየቀችኝ።

«ግን እኮ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ቤቱ ያለውን ዕቃ ለምንድነው ዞሮ ከኛ የሚገዛው? ተጣልታችሁ ነው?»

«አዎ፣ ተጣልተናል» አልኳት።

ያንን መንገድ እንዴት ተመልሼ እንደመጣሁ እንጃ። ሚሊ ዘይት ሊገዛ ወጥቶ ነበር። ሸራውን ገልጬ ገባሁ። የብረት መያዣው ሞርሳ ላይ የታሰረ ፔርኖ አለ። ፋብሪካው የቀረጸው ቁጥር በድንጋይ ተፍቆ ጠፍቷል፤ ላዩ ከሱ እሳት የወጣ እንዲመስል ዘይት በነካው ጨርቅ ጭስ ጠቁሯል። ሞረድ አንሥቼ ሳብኩበት። ሚሊ የሠራው ብረት ሲሆን ሞረዱ ትንሽም ቢሆን ይነክሳል፤ ይሄ ላይ ግን ሸርተት ብሎ አለፈ። የኔው ዕቃ ነው። ምድጃው ውስጥ ደግሞ የሳጥኖቼ አመድ አለ፤ አንዱ ጥግ ሳይቃጠል ስለቀረ ሰማያዊ ቀለሙን አወቅኩት።

ሰው ኮፒውን ኦርጅናል ብሎ ሲሸጥ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ቤት ውስጥ ለተጋገረ ብረት ሳጥን አሠርተው ፋብሪካ ነው የሚሉም አሉ። ኦርጅናሉን ገዝቶ፣ ምልክቱን ፍቆ፣ ጥላሸት ቀብቶ በእጄ ሠራሁት የሚል ሰው ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ያውም ሚሊ ሽቦ ትርፉን ጨምሮ የሚሸጥለትን ይገዛና፣ ለሾፌሩ በራሱ የድሮ ዋጋ፣ ከገዛበት አሳንሶ ይሸጣል። መብሻ ማሽኑ የት እንደገባ ገባኝ። መዳፉም ለምን እንደተቃጠለ ገባኝ። ጣቶቹ አይሰሙም። ከዘመናት የብረት መንቀጥቀጥ ይሁን ከደም ሥር፣ ወይም ሐኪም ብቻ ከሚያውቀው ሌላ ነገር እኔ አላውቅም፤ ሄዶ አልጠየቀም። ብቻ ያ አውራ ጣት ሞቷል።

መናደድ ነበረብኝ። ወይም ማልቀስ። ሞረዱን ቦታው መለስኩ፣ ሸራውን ዘጋሁ፣ ሱቄ ገብቼ የጎማ አየር መቆጣጠሪያ ለፈለገ ሰው ሸጥኩ። ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲያ ሆንኩ፤ እበላለሁ፣ አወራለሁ፣ ሒሳብ እሠራለሁ፣ ሁሉም ከሩቅ የሚሰማ የሌላ ቤት ሬዲዮ ነው።

አልነገርኩትም። ምን ብዬ? ለሱ ስሙ ያ ጣት ነው። ደግሞም ለራሴ አንድ ማስተማመኛ ነበረኝ፤ ማንም አልተጎዳም። ሾፌሮቹ በርካሽ ዋጋ ከሁሉ የተሻለውን ዕቃ ይዘው እየሄዱ ነው፤ የተጎዳው የሚሊ ኪስ ነው፣ የሱ ኪስ ደግሞ የኔም ነው፣ ይሁን። ሌላው ቢቀር ብዬ ለሽቦ ዋጋ ቀነስኩለት፤ ለሚሊ እንዲቀንስለት። ሽቦ ግን የሰው ልጅ ነውና ልዩነቱን ኪሱ ከተተው። ጠዋት ጠዋት ሻይ ስቀዳ እኔ የማልይዘውን የሚያቃጥል ብርጭቆ ሚሊ ጨብጦ ይጠጣል። አያለሁ። እሱም ማየቴን ያያል። ስለ ዝናብ እናወራለን።

በሬ ላይ ቆሜ መተረቡንም አልተውኩም። ብተው ያውቅብኛል ብዬ ፈራሁ። ልቅ ነው፣ አጥንት ነው፣ አያደርስህም እያልኩ እጮኻለሁ፤ ሾፌሮቹ ይስቃሉ። ስጮህ አፌ ውስጥ ያለው ምላስ የኔ አይመስለኝም ነበር።

ታናሽ ወንድሜ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ይህ ልጅ ጀርባዬ ላይ ነው ያደገው፤ ዛሬ ግን ከኔ ሁለት እጥፍ ይሆናል። የሰው መኪና ሲነዳ ኖሮ ያለ የሌለውን አሟጦ የራሱን ገዛ። አሮጌ ናት፤ ፋብሪካዋ መሥራት ካቆመ ቆይቷል። ከተራራው አናት ሲሚንቶ ጭኖ ያንን ረጅም ቁልቁለት ይወርድባታል። አጥሩ ሥር አቁሟት ሲገባ ከሩቅ ይስቅ ነበር። መሪዋ ትንሽ ትንቀጠቀጣለች፣ ጋሼ ያያታል አለ። ሚሊ የፊት ጎማዋን አስነሥቶ በእጁ ወዘወዘው፤ ፔርኖዋ ያለቀለት መሆኑን ሦስታችንም አየን።

ፔርኖዋ ሲወጣ እኔ ወሰድኩትና ለካሁት። ያለኝን ሁሉ አገላበጥኩ። ለማውቃቸው አስመጪዎች በሙሉ ስልክ ደወልኩ። የለም። የሚቀርባት ቁጥር በጥቂት ይቀጥናል፤ በጥቂት የሚቀጥን ፔርኖ ደግሞ ጨርሶ ከማጣት አይሻልም። ለወንድሜ መኪናዋን አቁማትና ከውጭ ላስመጣልህ፣ ጥቂት ወራት ነው አልኩት። እሱ እንደ ቀልድ ነው የወሰደው፤ ለዕዳዬ ማን ወር ይሰጠኛል አለ፣ ደግሞስ ጋሼ እያለልኝ የምን ውጭ።

ሚሊ ቀና ብሎ እኔን ነበር የሚያየው።

«ያንቺ ፋብሪካ የለውም?» አለኝ።

«የለውም» አልኩት።

ከኋላው የሚደበቅበት ሳጥን እንደሌለ ያን ጊዜ የገባው ይመስለኛል። እምቢ ሊል ይችል ነበር። ቶርኖው ተበላሽቷል፣ ብረት የለኝም፣ አሞኛል፣ ስንት ነገር አለ። ወንድሜ ግን እንደ ሕፃን ልጅ አፍ አፉን ያየዋል። እሠራዋለሁ አለ። ወንድሜ ሲሄድ ጠብቄ፣ ተወው፣ ሌላ ቶርኖ ቤት ይውሰዳት አልኩት። የወንድምሽን ጎማ ለማን እጅ ነው የምሰጠው ብሎ ሸራውን ጋረደ። እኔም ወደ ሱቄ ተመለስኩ።

ከሱቄ መስኮት በሸራው ክፍተት በኩል ስላየሁት ነገር ልናገር። ፔርኖው ላይ ችግር አልነበረበትም። ውጭው በካሊፐር የሚለካ ነው፤ ዓይኑ ደህና ነው፣ ዕውቀቱም ቦታው ነው። ቆንጆ አድርጎ አወጣው፣ አጋለው፣ ነከረው። ቡሹ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። ትንሽ ይፍቃል፣ መለኪያውን ያስገባል፣ ያወጣል፣ እንደገና ያስገባል። ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከቶ ያዞራል፤ ፊቱ ላይ ምንም የለም። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገ። ነሐሱን አንሥቶ አፉ ጋ አስጠግቶ ጫፉን በከንፈሩ ዳሰሰው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ በከንፈሩ አዞረው። እንዲህ ነው እስካሁን ሲሞክር የኖረው ብዬ አሰብኩ።

ወንድሜ ሲመጣ ሚሊ ሸራውን ገለጠው። ለቤተሰብ ነውና አጠገቡ አስቆመው፣ እንደ ድሮው። እኔም ከሱቄ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ጎማውን የሚሸከመው ትልቁ ብረት ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ቡሾቹ ገብተውበታል። ሚሊ ፔርኖውን ዘይት ቀባ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ አቆመው፣ አውራ ጣቱን አሳረፈበት። እኔ ጣቱን አልነበረም የማየው፤ ብረቱን ነው። ጣቱ ሳይጫነው በፊት ብረቱ መውረድ ጀመረ። በራሱ ወረደ። ጣቱ እየተከተለው ሄደ እንጂ አልገፋውም። እሱ ግን ያ ጣት ምን እንዳደረገ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

«ልክ ነው» አለ ሚሊ።

«ልቅ ነው» አልኩ እኔ።

ወንድሜ ሳቀ። እትዬ ደግሞ ጀመራት፣ ገበያዋ ስለተነካ ነው ብሎ ሚሊን ጠቀሰው። ልቅ ነው፣ ዓይኔ እያየ በራሱ ወረደ ብዬ ደገምኩት። እሱም፣ አዎ እስከ መንገዱ ጫፍም አያደርሰኝም ብሎ በኔ ድምፅ አስመስሎ መለሰልኝ። ይኸው ነው የኔ ነገር። በዚህ በር ላይ ስንት ዘመን ስቀልድበት የኖርኩት ቃል ነው፤ ዛሬ ለእውነት ስፈልገው ማንም አይሰማኝም። ወንድሜ ከዚህ ወጥቶ ሲሚንቶውን ጭኖ ያንን ቁልቁለት ይወርዳል። ጭነቱ ከኋላ ሲገፋው ልቁ ፔርኖ ይንቀጠቀጣል፣ መሪው ከእጁ ያመልጣል። ይህን እንኳ የማላውቀው ሰው ጉዳይ አስመስዬ ነበር የማስበው።

ወንድሜ ወደ ሚሊ ዞረ። «ጋሼ፣ ልክ ነው አይደል?»

ሚሊ ፔርኖውን እያየ ነበር። ልክ ነው አለ፤ ድምፁ ግን ከበፊቱ ዝቅ ብሎ ወጣ። የተጠራጠረ ይመስለኛል። ተጠራጥሮም ቢሆን አፉ እምቢ ያለው ይመስለኛል።

ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ብረት ላይ መስመር የሚያሰምርበት ሹል መጫሪያ ነበር፤ አነሣሁት። እጅህን ስጠኝ አልኩት። አየኝ፣ መጫሪያውንም አየ። ምን ላደርግ እንደሆነ ገብቶታል፤ ጊዜም ነበረው። ቀኝ እጁን ዘረጋልኝ። አውራ ጣቱን ያዝኩና ሹሉን ሥጋው ላይ ተክዬ ገፋሁት። ቆዳው ትንሽ እምቢ አለና ገባ። ደም ወጣ። ሚሊ ጣቱን አላየም፤ የወንድሜን ፊት ነበር የሚያየው። እጁ እንደተዘረጋ ነው፣ ንቅንቅ አላለም።

ወንድሜ እጄን ለቀም አድርጎ ያዘኝ። አበድሽ እንዴ ብሎ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ሚሊን አየውና ተወው።

«ጋሼ… አላመመህም?»

«አላመመኝም።»

እኔን ግን አመመኝ። የራሴ አውራ ጣት፣ ደህናው፣ እስከ ክንዴ ድረስ ጠዘጠዘኝ። ከሽቦ ሱቅ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ነገር ሲሰማኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ መጫሪያውን ጥዬ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አሥር ዓይነት ንዴት ነበረብኝ፤ በሱ፣ በራሴ፣ በሽቦ፣ ሁሉም አንድ ላይ መጣ።

ወንድሜ ፔርኖውን አውጥቶ ራሱ እንደገና ቀዳዳው አፍ ላይ አቆመውና እጁን አነሣ። ብረቱ በራሱ ወረደ። ከዚያ ተኝቶ የነበረ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ትቁም፣ ከውጭ እስኪመጣ ትቁም አለ። የዕዳውን ነገር አላነሣም፤ እኛም አላነሣንም።

ንጹሕ ጨርቅ አምጥቼ የሚሊን ጣት አሰርኩለት። ቋጠሮውን ሳጠብቅ፣ አውቀሽ ነበር ማለት ነው አለ። አውቃለሁ አልኩት። ሽቦ ነው የነገረሽ አለኝ። ሚስቱ ናት አልኩት። ሽቦስ ምስጢር ይይዛል ብዬ ነበር አለና ትንሽ ሊስቅ ሞክሮ አቃተው። እንግዲህ ሾፌሮቹን ምን እንላቸዋለን አልኩት። አላውቅም አለ፤ አንቺ ንገሪያቸው፣ አንቺ መናገር ትችያለሽ አለኝ። እኔን የሚያምነኝ የለም አልኩት። ይህን የነገርኩት እያለቀስኩ ነበር።

በዚህ መሃል ውጭ የከባድ መኪና ሞተር ጠፋና አንድ ሾፌር ገባ። የቆየ ደንበኛ ነው። የዛሬ ዓመት የቀኝ ጎማውን ፔርኖ ሚሊ ለውጦለታል፤ አሁን የግራው ተራ መሆኑን እጁ ላይ ያለው የተበላ ብረት ይናገራል። እንደ ልማዱ ግቢው መሃል ላይ ቆሞ ወደ ግራ ሳያይ ወደ ቀኝ መጣ። ጋሽ ሚሊ አለ ወይ ብሎ ተጣራ። እንባዬን በነጠላዬ ጫፍ ጠርጌ አፌን ስከፍት ሚሊ አልፎኝ ወጣ። የታሰረች ጣቱን ከኋላው ደብቆ ሾፌሩን በሌላው እጁ ክንዱን ይዞ ግቢውን አሻገረውና ወደ ሱቄ አስገባው። አብረን ስንኖር የራሱን ደንበኛ በዚያ በር ሲያስገባ አይቼው አላውቅም። ተከትዬ ገባሁ።

ከላይ ያለውን አውርጂለት አለኝ። ሰማያዊውን ሳጥን አወረድኩና ባንኮኒው ላይ ከፈትኩት። ሾፌሩ ዓይኑ አንዴ እኔ ላይ አንዴ ሚሊ ላይ እየተንከራተተ ፈገግ አለ፤ ቀልዱ ምን ላይ እንደሆነ የሚፈልግ ሰው ፊት ነው።

«ጋሼ ለእትዬ መሸጥ ጀመርክ እንዴ? ይሄ ካንተ ሥራ ይሻላል ልትለኝ ነው?»

«የኔ ሥራ ይሄው ነው» አለ ሚሊ። «የዛሬ ዓመት የገጠምኩልህም ይሄንኑ ነው። ከዚህ ሳጥን ውስጥ ያወጣሁት ነው።»

ሾፌሩ በሳቅ ፈነዳ። እናንተ ባልና ሚስት መቼም አትቻሉም እያለ የሚሊን ትከሻ መታ መታ አደረገ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያወጣ ሳቀ። እኔ የሳጥኑን ክዳን እንደያዝኩ ቆሜአለሁ። ሚሊ የሰውየው ሳቅ እስኪያልቅ ጠበቀ፣ የታሰረውን ጣቱን ከኋላው አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አኖረና እንደገና ነገረው።